የጣለው ማን ነው?

ሰው ዘመዱን ጣለ የሚባለው መቼ ነው? ያስራበው፥ ያባረረው፥ ወይም ከመንገድ ዳር ትቶት የሄደ ሰው ጣለው ለማለት ብዙ ማሰብ አያሻም። ነገር ግን፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን በጉራጌ ምድር፥ ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ወጣ ባለው ገጠር፥ ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። ወንድማቸው በአእምሮ ሕመም ተይዟል፤ አንዲት እኅት በሰንሰለት አስራ ትጠብቀዋለች፤ ሌሎቹ አዲስ አበባ ሆነው ገንዘብ ይልካሉ። ከሁለቱ ወገን የጣለው ማን ነው?

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ብቻ እንዳይመስልህ። በ1990ዎቹ መግቢያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎች እንዲጠየቁ አድርገው ነበር። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ብርቱ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል አብዛኞቹ አንድ ቀን እንኳ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። በዚያ ዘመን አማኑኤል ሆስፒታል ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበረና፥ ከቡታጅራ እስከዚያ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 10 ዓመት ያህል ሲከታተሏቸው፥ ከሌላው ሰው 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞቱ እንደ ነበር ታወቀ። ብዙዎቹን የገደላቸውም ተላላፊ በሽታ ነው። ጠያቂ ያለው ሰው በቶሎ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል፤ እነርሱ ግን አልደረሱም።

በሶዶ ወረዳ የተደረገና በ2009 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕሙማናቸውን የሚያስሩ ቤተ ሰቦችን ጠይቋል። ያሰሩት ጠልተውት አይደለም። ጠፍቶ እንዳይቀር፥ ሰው እንዳይመታ፥ ጠባቂውም ወጥቶ ሥራ እንዲሠራ ነው፤ ሌላ መላ አጥተው ነው። ይህን ስል ሰንሰለትን ማመስገኔ አይደለም። ሰንሰለት እግርን ያቆስላል፥ ሰውንም ያዋርዳል። ነገር ግን ያሰረ ሰው ሁሉ እዚያው የቀረ ሰው መሆኑን ልብ በል። የሄደ ሰው የሚያስርበት ምክንያት የለውም።

አንድ የማውቀው ቤት አለ። ሁለቱ ወንድሞች መርካቶ ነጋዴዎች ናቸው፤ ለመስቀል መጥተው ታናሽ ወንድማቸውን ታስሮ ሲያዩ ታላቁ ተቆጣ፥ እኅቱንም አረመኔ አላት። እርስዋም መክፈቻውን ከቀሚስዋ ጫፍ ፈታ፥ «ጋሼ፥ ይኸውልዎ፤ ዛሬ ሌሊት እርስዎ ይጠብቁት» ብላ ሰጠችው። ሌሊቱን አብሮት አመሸ፤ እርስዋም ከብዙ ጊዜ በኋላ ተኛች። በአራተኛው ቀን ወንድሞቹ ብር ትተው ተመለሱ፥ መክፈቻውም ወደ ቀሚስዋ ጫፍ ተመለሰ። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፥ እንሰት ልትፍቅ ስትሄድ ከእርስዋ በቀር የሚጠብቀው አልነበረምና።

ወንድሞቹ፥ «እኛ መቼ ጣልነው? በየወሩ እንልካለን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይልካሉ። ከአዲስ አበባ ገንዘብ አዋጥቶ ለአገሩ መንገድ ባሠራ ሕዝብ መካከል ገንዘብን መናቅ አይቻልም፤ እኔም አልንቅም። ሕጉም ቢሆን ከእነርሱ ጋር ይመስላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ዘመድ ለዘመዱ ቀለብ እንዲሰጥ ሲያዝ ምግብን፥ መኖሪያን፥ ልብስንና ሕክምናን ይቆጥራል። ዳኛ ሊቈጥር የሚችለውን ይቈጥራል እንጂ፥ ሌሊቱን ማን ነቅቶ አደረ ብሎ አይጠይቅም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ደጉ ሳምራዊ ብዙ ጊዜ ተምረናል። ሁልጊዜ የምንረሳው ግን የእንግዳ ማረፊያውን ጠባቂ ነው። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ፤ ታዲያ ገንዘብ ሰጥቶ በመሄዱ ማንም አልነቀፈውም። ስለ ምን? አስቀድሞ ቁስሉን በገዛ እጁ አስሯል፥ ሌሊቱንም አብሮት አድሯል፤ ሲሄድም እንደሚመለስ ለጠባቂው ነግሮታል። ጠባቂውን ብቻውን አልተወውም። የመርካቶዎቹ ወንድሞች ጉድለት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የጣሉት ሕመምተኛውን ብቻ አይደለም፤ እኅታቸውንም ጥለዋታል፥ ከዚያም በላይ ፈርደውባታል።

በሶዶ በኋላ የተሞከረውን ሥራ የምወደው ስለዚህ ነው። ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሥልጠና ተሰጥቷቸው ሕሙማንንና ቤተ ሰባቸውን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ይረዱ ነበር፤ ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ሲሆን የሕሙማኑ ኑሮ ከሕክምናው ብቻ ይልቅ እንደ ተሻሻለ በ2014 ዓ.ም. በታተመው ውጤት ታይቷል። ዛሬ መድኃኒቱ በቡታጅራ ሆስፒታልም ይገኛል። ሆኖም ሕመምተኛ ብቻውን ተነሥቶ መድኃኒት ሊቀበል አይሄድም፤ በቀጠሮው ቀን ክንዱን ይዞ አብሮት የሚሄድ ሰው ያሻዋል፤ ያም ቀን የገበያ ቀን ቢሆን እኅቲቱ ከቆጮዋ ሽያጭና ከወንድምዋ አንዱን መምረጥ ይኖርባታል።