ለዒላማ የሚመረጥ ሽጉጥ

ሰው ለአንድ ሥራ መሣሪያ ሲመርጥ የሚመርጠው መሣሪያውን ብቻ ነውን? ወይስ ሳያስበው የልቡንም አሳብ አብሮ ይገልጣል? ገበሬ ማረሻውን ሲመርጥ አፈሩን ዐውቆ ነው፤ ጸሓፊም ብዕሩን ሲመርጥ እጁን ዐውቆ ነው። ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ግን ምኑን ዐውቆ ይመርጥ ይሆን? «እኔ የምፈልገው ለዒላማ ተኩስ ብቻ ነው» ባለ ጊዜ ነገሩ የቀለለ ይመስላል። ዳሩ ግን ከባዱ ነገር ያለው «ብቻ» በምትለው ቃል ላይ ስለ ሆነ፣ አንባብያን ጥቂት ጊዜ ሰጥተው ከእኛ ጋር እንዲመረምሯት እንሻለን።

የዒላማ ተኩስ የተከበረ ስፖርት መሆኑን የሚክድ የለም። በ1896 እ.ኤ.አ. በአቴና በተደረገው በመጀመሪያው ዘመናዊ የኦሊምፒክ ጨዋታ ውስጥ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ይልቁንም ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በኦሊምፒክ የሽጉጥ ውድድር ትልልቅ ጥይት የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። በ25 ሜትር የሚተኰሰው ባለ 5.6 ሚሊ ሜትሩ ትንሽ ጥይት ነው፤ በ10 ሜትር የሚተኰሰው ደግሞ ያለ ባሩድ፣ በአየር ግፊት የሚወረወር 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የእርሳስ ፍሬ ነው። በዚህ በ10 ሜትሩ ዒላማ ዐሥር ቁጥር የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል መሆኑ ነው። እንግዲህ የዓለም ዕውቅ ተኳሾች የሚፎካከሩት በጕልበትና በድምፅ ሳይሆን በእጅ መጽናትና በትንፋሽ መግዛት ነው ማለት ነው።

ምርጫውንም በዚሁ ዐይን ብናየው ጥበበኛ ተኳሽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው እጀታውን ነው። እጀታው በመዳፉ ሞልቶ፣ ጣቱ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ ሊያርፍ ይገባል። ክብደቱ ክንድን ሳያዝል እንዲያረጋጋ፣ ማነጣጠሪያው ጥርት ብሎ እንዲታይ፣ ቃታውም ሳይቀዳደም እንዲለቅቅ ይፈለጋል። የጥይቱ ትልቅነት ግን ለጀማሪ ጠላቱ ነው። ሽጉጡ በጮኸና በተራገጠ ቍጥር እጅ ርግጫውን አስቀድሞ እየጠበቀ ይደነግጣል፤ ጥይቱ ገና ሳይወጣ አፈሙዙ ወደ ታች ይደፋል። ይህን ድንጋጤ ያልፈወሰ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢተኩስ ዒላማ አይመታም። መድኃኒቱም በትንሹ ጥይት ብዙ መለማመድ ነው።

የመለወጫው ዕቃ የተፈለሰፈው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቁን ጥይት የሚተኩሰው ሽጉጥ አካሉ፣ እጀታውና ቃታው እንዳሉ ይቀራሉ፤ የላይኛው ተንሸራታች ብረትና የጥይቱ ማለፊያ ቧንቧ ከነካዝናው ወጥተው በቦታቸው የትንሹ ጥይት ዕቃ ይገባል። ያው እጅ፣ ያው እጀታ፣ ያው ቃታ፤ ወጪውና ርግጫው ግን ያነሰ። ትንሹ ጥይት ከባዱን ብረት ለመግፋት ኀይል ስለሚያንሰው አንዳንዱ ፋብሪካ የላይኛውን ብረት አቅልሎ ይሠራዋል። ኮልት የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ደግሞ በ1938 እ.ኤ.አ. ባለ 11.43 ሚሊ ሜትሩን ሽጉጥ ወደ 5.6 የሚለውጥ ዕቃ ለገበያ ሲያቀርብ በሌላ ብልሃት ተጠቀመ፤ ጥይቱ በሚያድርበት ስፍራ ወደ ኋላ የምትንሸራተት ትንሽ ክፍል ተደርጋ የደካማውን ጥይት ግፊት እንድታበረታ ሆነች።

የዚህች ክፍል ፈልሳፊ ዴቪድ ማርሻል ዊልያምስ የተባለ ሰው ነው። ታሪኩ ለያዝነው ጥያቄ የተጻፈ ይመስላል። ይህ ሰው በ1921 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና አንድ የሕግ አስከባሪ በጥይት በሞተበት ነገር ጥፋተኛ ተብሎ ለብዙ ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ1929 እስኪፈታ ድረስም በእስር ቤቱ የብረታ ብረት ክፍል እየሠራ ብዙ የመሣሪያ አሳብ አፈለቀ። የሰው ነፍስ በጠፋበት ነገር የታሰረ እጅ፣ ለልምምድ የምትሆነውን ለስላሳ ብልሃት ሰጠ። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን «እንግዲያስ መሣሪያ ምን ያደርጋል? ክፉም ደግም ሰው ነው» ለማለት እንቸኩላለን።

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስለ ሆነ ከፍጹም ሐሰት ይልቅ ያታልላል። መሣሪያ አሳብ የለውም፤ መንገድ ግን አለው። ሰውም በተናደደ ጊዜ አዲስ መንገድ አይጠርግም፤ የተጠረገውን ይከተላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶርያ የወዳጅነት ስጦታ ሆኖ የመጣላቸው ነበረ። ሰጪዋ ያሰበችው ምስጋና ነው፤ በብረቱም ላይ የተቀረጸው ቃል ምስጋና ነው። የብረቱ መንገድ ግን የቃሉን መንገድ አልጠበቀም።

እዚህ ላይ የመለወጫው ዕቃ ምሥጢር ይገለጣል። የገባው ዕቃ ይወጣል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያለ ብዙ መፍቻ ትልቁ ጥይት ወደ ቤቱ ይመለሳል። በብዙ ሽጉጦች መለያው ቍጥር የሚቀረጸው በአካሉ ላይ ነው፤ አካሉ ደግሞ አልተለወጠም። ስለዚህ «ለዒላማ ብቻ» የሚል ሰው ሊለወጥ የሚችለውን ሽጉጥ ሲመርጥ፣ በአንደበቱ «ብቻ» እያለ በእጁ መመለሻ በር አስቀርቷል። በእኛ አስተያየት እውነተኛ ዒላመኛ ከመጀመሪያው ለትንሹ ጥይት የተሠራውን፣ ይልቁንም የአየር ግፊቱን ሽጉጥ ይመርጣል። ዋጋው አይደለም ምክንያቱ፤ መመለሻ የሌለው መሆኑ ነው። ሆኖም በሥራው ትልቁን ሽጉጥ እንዲታጠቅ የታዘዘ ሰው፣ ለምሳሌ ፖሊስ፣ በመለወጫው ዕቃ ቢለማመድ ነቀፋ የለንም። እርሱ በሩን አልከፈተም፤ በሩ ተከፍቶ ተሰጥቶታል፤ በልምምዱም አላፊ አግዳሚውን ከስሕተት ጥይት ያድናል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ምን ይሆናል?» ይሉ ይሆናል። በርግጥ የመለወጫው ዕቃ በእነዚህ ከተሞች ሱቅ የሚሰቀል ሸቀጥ አይደለም። የመሣሪያ ፍቅር ግን ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ ምክንያትም አለው። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ የወደቁት በዚያ በቡታጅራ አካባቢ ነው፤ ራስ ደስታ ዳምጠውም በዚያው ወር 17 ቀን ተይዘው በፋሽስት ጥይት የሞቱት በዚያው አገር ነው። ለነጻነት የተያዘ ጠመንጃ ክብር ስላገኘ ብዙ ሰው የክብሩን ምንጭ ከአርበኛው ወደ ብረቱ አዛወረው። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ሁለተኛው ነገር መሬቱ ነው። የጉራጌን አገር ያየ ሰው ጀፎረን ሳያደንቅ አያልፍም፤ ቤቶች በግራና በቀኝ የተሰለፉበት፣ በመካከሉ ሰፊ የሣር መንገድ የተዘረጋበት፣ ሠርጉም ለቅሶውም ጉባኤውም የሚሆንበት ነው። ከየቤቱ ጀርባ የእንሰት ተክል አለ፤ ከእንሰቱ ማዶ ደግሞ ሌላ ቤት አለ። ለስላሳ ነው ያልነው ባለ 5.6 ጥይት ካልተገታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የእንሰት ቅጠል አያቆመውም። እንግዲህ በዘቢዳር ግርጌም ሆነ በጅማ መንገድ ዳር ዒላማ የሚያቆም ሰው ከዒላማው በፊት ማቆም ያለበት ወፍራም የአፈር ክምር ነው። ዒላማውን የሳተ ጥይት በስፖርት ሕግ ዜሮ ቍጥር ነው፤ በጀፎረ ላይ ግን የሰው ስም አለው።

ስሙም የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በሚዳኙበት በየጆካ ሥርዐት፣ በክስታኔም በኩል በጎርደና ሴራ (ሴራ በአማርኛ ተንኰል ቢሆንም በዚያ ሕግና ሥርዐት ማለት ነው) የነፍስ ነገር የሁለት ሰዎች ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ የወገንና የወገን ጕዳይ ነው። ሽማግሎቹ ስለ ቃታ ክብደት አልተማሩም፤ ነገር ግን አንድ ጣት በሳበው ቃታ ስንት ቤት እንደሚናወጥ ከማናችንም ይልቅ ያውቃሉ።

የመንግሥት ሕግም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠው ለብረቱና ለያዡ እንጂ ለልብ አሳብ አይደለም። ደግሞም በኮንትሮባንድ ስለሚገባው የቱርክ ሥሪት ሽጉጥ በየጊዜው እንሰማለን። በአውሮጳና በአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች ለድምፅ ብቻ የተሠራው ሽጉጥ በሕገ ወጦች እጅ ተለውጦ እውነተኛ ጥይት ሲተኩስ ተገኝቷል። ይህ የኮልትን መለወጫ ተገልብጦ ማየት ነው፤ በዚያ ገዳዩ ወደ ልምምድ ወረደ፤ በዚህ ጨዋታው ወደ ገዳይነት ወጣ። የሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ ሂያጁ ብቻ ፊቱን አዞረ።

ከወጣቶች መካከል የዒላማ ተኩስ ክበብ ቢቋቋም የሚወድዱ መኖራቸውን ሰምተናል፤ አሳቡን አንቃወምም። በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ይህ ቀን ቢመጣ፣ በአየር ግፊት ሽጉጥና በ10 ሜትር ክፍል ቢጀመር ደስ ይለናል። ከዚያ የሚበልጥ መሣሪያ ከገባ ግን፣ የሚለዋወጡት ዕቃዎች በልዩ ልዩ ሣጥን ይቀመጡ፤ የትልቁ ጥይት ዕቃ የተቀመጠበትም ሣጥን ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በባለ ሽጉጡ እጅ፣ ሁለተኛው ባለ ሽጉጡን እምብዛም በማይወድደው ሰው እጅ።