ከፍትፍቱ ፊቱ፤ ግን ማን ሲለው?

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የእንግዳ ተረት ነው። ገበታው ቀርቦለት፣ እጁን ከመስደዱ በፊት ቀና ብሎ ባለቤቱን ያየ ሰው የተናገረው ይመስላል። ዶሮ ወጥ እየበላ ከጓዳ ሆን ተብሎ የሚንኳኳ ዕቃ ሰምቶ ጉርሻው አልወርድ ያለው ሁሉ ይገባዋል። ሽሮ ብቻ በቀረበበት ቤት ደግሞ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» እየተባለ ከልኩ በላይ በልቶ ይነሣል።

ቅዱስ ጳውሎስም ከዚህ እንግዳ ብዙ አይርቅም። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 9 ላይ ለኢየሩሳሌም ድሆች የሚዋጣውን ገንዘብ ቅር እያለው ወይም ተገዶ የሚሰጥ ሰው እንዲኖር አይፈልግም፤ እግዚአብሔር የሚወደው ደስ ብሎት የሚሰጠውን እንደሆነ ይነግራቸዋል። ስለዚህ ተረቱ በስብከት መሐል ቢጠቀስ ማንም አይቃወምም። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ከተቀባዩ አፍ ወጥቶ ሰጪው አፍ ሲገባ ተረቱ ይበላሻል።

እንግዳው ሲለው ምስጋና ነው። ሰጪው ሲለው ማምለጫ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተዘረጋው እጅ ፈገግ ብለን «እግዜር ይስጥህ» ስንል እኮ ፊቱን ሰጥተን ፍትፍቱን ይዘን ማለፋችን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የነቀፈው ይህንኑ ነው፤ የታረዘና የተራበ ወንድምን መልካም ምኞት ብቻ አሸክሞ መሸኘትን።

ደግሞ ፊታቸው የማይፈታ ሰጪዎች አሉ። የወንድሙን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እየተነጫነጨ የሚከፍል አጎት በየቤተሰቡ አይጠፋም። «እኔ ባንክ ነኝ እንዴ?» ይላል፤ ይከፍላል። ቃሉ ልጁን ይጎዳዋል፣ አልክድም፤ ግን ልጁ ተምሯል። ከዚህ አጎትና አገላብጦ ስሞ ባዶ እጅ ከሚሸኝ ዘመድ ምረጥ ብባል አጎትየውን እመርጣለሁ። በተአምረ ማርያም የሚተረከው በላዔ ሰብእም 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። የተጠማው ለማኝ በስንቱ ስም ቢለምነው እንቢ ብሎ፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲጠየቅ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ያን ጊዜ ፊቱ ፈክቶ ነበር ብሎ የሚገምት ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም ሲሞት ነፍሱ በተመዘነችበት ሚዛን ላይ የተገኘችለት ያቺው ጥርኝ ውሃ ናት።

ታዲያ ደስታው ይቅር? አይቅር። ግን በራሱ እስኪመጣ ቁጭ ብለን የምንጠብቀው ስሜት አይደለም። ጳውሎስ እዚህ ላይ ከሰባኪነቱ ይልቅ የገንዘብ ያዥ ጠባይ ይታይበታል። በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 16 እያንዳንዱ በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እንደ ገቢው ቤቱ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል፤ እሱ ሲደርስ የመዋጮ ሩጫ እንዳይኖር። ቆሮንቶሶች ካለፈው ዓመት ጀምረው አልጨረሱም ነበርና፣ በሁለተኛው መልእክት ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን አስቀድሞ ይልካል፤ ያሰቡት ተዘጋጅቶ እንዲቆይ፣ እጃቸው ተጠምዝዞ የሰጡት እንዳይመስል።

ፊታችንን የሚያጠቁረው አብዛኛውን ጊዜ ንፍገት ሳይሆን ድንገት መጠየቅ ነው። ለማኙ ፊት ቆመን የቤት ኪራይና የልጅ ጫማ እናሰላለን፤ ሒሳቡ ፊታችን ላይ ይነበባል። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው የአገር ቤት ስልክ ሲጮህ የሚደነግጠው ዘመዶቹን ጠልቶ አይደለም። የጽዋ ማኅበር ተረኛ ግን ሒሳቡን ጨርሷል። ወሩን ያውቀዋል፤ ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል። ጽዋውን ወደ ቤቱ ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ያ ወጪ የራሱ ገንዘብ መሆኑ ቀርቷል፤ ቤቱ በሰው ሲሞላ ደስ የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል። እሑድ ጠዋት ደጀ ሰላሙ አጠገብ ሳንቲም ከሚዘረዝሩት ብሩን አስዘርዝሮ የሚገባ ምእመንም እንዲሁ ነው፤ ለማን ልስጥ፣ ማንን ልለፍ እያለ ኪሱን ሲዳብስ አይቆምም።

በዕቅድ የሚሰጥ ነገር ከልብ አይደለም የሚሉ አሉ። ምናልባት ለመቄዶንያ ሰዎች እውነት ይሆን ይሆናል፤ እነሱ ራሳቸው ደኽይተው ሳለ ለዚሁ መዋጮ «እኛም እንስጥ» ብለው ጳውሎስን ለምነዋል። እኛ አብዛኞቻችን ቆሮንቶሶች ነን። በሞቅታ ቃል እንገባለን፣ እንቀዘቅዛለን፣ አስታዋሽ ይላክብናል። ጳውሎስ በኋላ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፣ በምዕራፍ 15፣ ስለዚሁ መዋጮ ያነሣል። ወደው የሰጡትን ሲቆጥር መቄዶንያን ብቻ አይጠራም፤ ቆሮንቶስ ያለችበትን አካይያንም አብሮ ይጠራል። ስለ መዘግየታቸው እዚያ ላይ ምንም አላለም።