የሸክላው እውነትና የሰው ሐሰት

ሰው አሮጌ ዕቃን ሲያከብር የሚያከብረው ጭቃውን ሳይሆን በጭቃው ላይ ያለፈውን ዘመን ነው። ስለዚህ አንድ እንስራ የጥንት ነው ሲባል ዋጋው ከፍ ይላል፤ የዛሬ ነው ሲባል ዝቅ ይላል። እንግዲህ ጥንታዊውን ከአዲሱ በምን እንለያለን? ሐሰተኛ የሚባለውስ የትኛው ነው?

በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በጠቅላላውም በሐዲያና በከምባታ አገር፣ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች እንደ እናቶቻቸው ያለ መንኰራኵር በእጃቸው ይሠራሉ፤ የሠሩትንም በሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር እሳት ይተኵሳሉ። አፈሩም፣ እጁም፣ እሳቱም አንድ ዐይነት በሆነበት ስፍራ የትናንቱን እንስራ ከመቶ ዓመቱ እንስራ በመልክ ብቻ መለየት ለዐዋቂም ያስቸግራል።

ምልክት ግን አይታጣም። ብዙ ዘመን ያገለገለ ዕቃ መቀመጫው ተፈትጎ ይለሰልሳል፤ ጥላሸቱም ወደ ሸክላው ጠልቆ ስለሚገባ በእርጥብ ጨርቅ አይለቅም። ለማታለል የተቀባ ጥላሸት ከላይ ይቀራል። ሳይንስም ሌላ ምስክር አምጥቷል፤ ሸክላ ከተተኰሰበት ቀን ጀምሮ ከአካባቢው የሚደርሰውን የጨረር ኃይል ያከማቻል፤ ቅንጣቱ በቤተ ሙከራ ሲሞቅ ያንኑ ኃይል በብርሃን መልክ ይለቃል፤ በብርሃኑም ልክ ዕድሜው ይገመታል። በ1971 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ምርመራ፣ ሐጂላር ከሚባለው የቱርክ ጥንታዊ ስፍራ ወጡ ከተባሉት 66 ዕቃዎች 48ቱ የዘመናችን ሥራ ሆነው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ምርመራ የሚመሰክረው ስለ ዕድሜ ብቻ ነው። የከምባታ ሴት ዛሬ የሠራችው እንስራ ውሃ ይቀዳበታል፤ ስለዚህ ሐሰተኛ እንስራ አይደለም። ሐሰት የሚገባው ነጋዴ ዕቃውን አጥኖ፣ ቀብሮና መልሶ አውጥቶ «የጥንት ነው» ሲል ነው። ገዢውም ከነቀፋ አያመልጥም፤ ዕቃው በእውነት ጥንታዊ ቢሆን ኖሮ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለውን የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ሊያፈርስ ይችል ነበርና።

ይህን ስል ዘመን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የጥንቱ ዕቃ ያለፈውን ሕዝብ ኑሮ ይመሰክራል፤ አዲሱ በዚህ ሊተካው አይችልም። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። በነዚህ አገሮች ሸክላ ሠሪው ወገን «ፉጋ» በሚል የንቀት ስም ሲጠራ፣ ጋብቻ ሲከለከልና ከማዕድ ሲለይ ኖሯል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሰዎችን እኩልነት ቢደነግግም ንቀቱ ከሰው ሁሉ ልብ ገና አልወጣም። የአያቲቱን እንስራ በመስተዋት ሣጥን አኑረን የልጅ ልጇን እጅ ብንጸየፍ፣ ሐሰተኛው ዕቃው ሳይሆን የእኛ አክብሮት ነው።

ስለዚህ መምህሩም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛው ጥንታዊውን ዕቃ ከመሬት ሲወጣ ቢያይ ለሚመለከተው ክፍል ያስታውቅ፤ አዲሱን ሲገዛ ደግሞ በተገቢው ዋጋ ይግዛ፤ ፈቃዷ ከሆነም የሠሪዋ ስምና የተሠራበት ዓመት ከመቀመጫው ላይ ይቀረጽ። ያ ዕቃ ከመቶ ዓመት በኋላ ጥንታዊ ይባላል፤ ዕድሜውን ለማወቅም መርማሪ አያስፈልገውም።