ግንቡ የሌለበት ታሪካዊ ከተማ፦ አንኮበርን መጎብኘት ምን ማለት ነው?

ታሪካዊ ከተማ የሚባለው ታሪክ የተሠራበት ስፍራ ነው ወይስ ከታሪክ የተረፈ ነገር የሚታይበት? ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚገኙ ልዩነታቸው አይታሰብም። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ካሉት ጥንታዊ ከተሞች ወደ አንዱ የሄደ ሰው የድንጋይ ዓምዱን፣ የወደቡን ግንብና የቲያትሩን ደረጃ ያያል፤ ያየው ነገርም ታሪኩ ራሱ ይመስለዋል። በሰሜን ሸዋ ባለችው በአንኮበር ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። አንኮበር ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥነት ዘመን ድረስ የሸዋ ገዥዎች ዋና መቀመጫ ነበረች። ከቤተ መንግሥቱ በኮረብታው ላይ የሚታየው ጥንታዊ ቅሪት ግን ረዘም ያለ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ታሪኩ ብዙ፣ ቅሪቱ ጥቂት በሆነበት ስፍራ ጎብኚው የሚጎበኘው ምንድን ነው? ጥያቄው ለአንኮበር ብቻ ሳይሆን በእንጨትና በሣር ክዳን ታሪክ ለሠራ አገር ሁሉ የሚነሣ ነው።

መልሱን ከመሬቱ መጀመር ይሻላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው ገብስና ባቄላ የሚዘራበትን፣ በግ የሚሰማራበትን ብርዳም ደጋ ነው። አንኮበር ሲደርስ ሜዳው ተቋርጦ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ከጫፉ ላይ የቆመ ሰው በአንድ እይታ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የተዘረጋውን የአፋር ሜዳ ያያል። ተረተሩ ውኃንም ይለያል። በደብረ ብርሃን በኩል የወረደው ዝናብ በበሬሳ ወደ ጀማ፣ በጀማ ወደ ዓባይ ገብቶ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ነው። በምሥራቅ በኩል የወረደው ግን አዋሽ ውስጥ ገብቶ፣ ባሕር ሳያይ፣ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። አንኮበር የተቀመጠችው በሁለት ዓለማት ድንበር ላይ ነው፤ ባሕር ባይኖራትም ለሸዋ የወደብ ከተማ ሆና ያገለገለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲራራ ነጋዴ ከታጁራና ከዘይላ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ግመሉን ከቆላው አድርሶ የሚገባው በዚህ በኩል ነበር። ከኮረብታው በታች ያለችው አልዩ አምባ ደገኛው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይወርዳል። ሰውም ይወርድ ነበር። በአልዩ አምባ አቅራቢያ የነበረው የአብዱል ረሱል ገበያ ባሪያ የሚሸጥበት ስፍራ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የመጡ ወጣቶች በዚያ በኩል ወደ ባሕሩ ተነድተዋል። የአንኮበር ሀብት ሲነገር ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መዘለል የለበትም፤ ቤተ መንግሥቱን ያበለጸገው የንግድ መንገድ እነዚያን ሰዎች የወሰደው መንገድ ራሱ ነውና።

በዚህ በር ላይ የተቀመጠው ገዥ የውጭውን ዓለም ሳይወጣ ያገኘው ነበር። መርዕድ አዝማች በሚል ማዕረግ ይጠሩ ከነበሩት አባቶቹ አልፎ ራሱን ንጉሥ ያሰኘው ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የጀርመን ሚስዮናዊውን ክራፕፍን ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሃሪስ ከሚመራው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ቡድን ጋር፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ውል ተዋውሏል። መልእክተኞቹ ያመጡት ጠመንጃና መድፍ ንጉሡን እንዳስደሰተው ሁሉ፣ እነርሱ የጻፏቸው መጻሕፍት ዛሬ ስለ አንኮበር የሚታወቀውን ብዙ ነገር አቆይተዋል። በዚህ ረገድ አንኮበር ቅሪቷ ከምድሯ ይልቅ በወረቀት ላይ የበዛ ከተማ ናት። በ1855 ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰደ። በ1865 ከመቅደላ አምልጦ ሲመለስ የአባቱን ዙፋን የያዘው በዚሁ አገር ነው።

አንኮበር የወደቀችው በጦርነት አይደለም። ምኒልክ ግዛቱ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲሰፋ መቀመጫውን ወደ እንጦጦ አዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ1886 አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ጠመንጃ የጫነ ሲራራ ይዞ ከታጁራ አንኮበር ደረሰ፤ ንጉሡን ግን አላገኘውም። ወደ እንጦጦ መቀጠል ነበረበት። ራምቦ ምናልባት ከነበረው ይልቅ ያለፈውን አንኮበር ካገኙት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የግመሉ መንገድ ሥራው አለቀ። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ኤፌሶን የደረሰባት ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ወንዝ ያመጣው ደለል ወደቧን ሞልቶ ባሕሩ ሲርቃት ከተማይቱ ተተወች። ልዩነቱ ኤፌሶን ዕብነ በረዷን ትታ መሄዷ ነው።

ይህ ልዩነት አንኮበርን ያሳነሳት የሚመስለው በድንጋይ ለሚለካት ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ታሪክ ውስጥ ዋና ከተማ ማለት ለረጅም ጊዜ ንጉሡና ሰፈሩ ማለት ነበር። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ገዝተዋል፤ ሰፈሩ ሲነሣ ከተማው አብሮ ይነሣል። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ስትመሠረት ግንቧ ያስደነቀው ከዚህ ልማድ የተለየ ስለ ነበረ ነው። ታሪካዊነት በሚታይ ቅሪት እንደማይወሰን ደግሞ ደብረ ብርሃን ጥሩ ምስክር ናት። ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት ቤተ ክርስቲያን አሠርተውባት፣ እንደ ዘመኑ ልማድ ሳይዘዋወሩ ለዓመታት ተቀመጡባት። ከተማይቱን ያቆማት የታየው ብርሃን ነው፤ እርሱም ለማንም ጎብኚ ሊታይ የሚችል ነገር አይደለም። ሆኖም ደብረ ብርሃን ታሪካዊ አይደለችም የሚል የለም።

ታዲያ ስፍራ ማንነቱን የሚያገኘው ከየት ነው? የግሪክ ፈላስፎች ይህን ጥያቄ በቴሴዎስ መርከብ አንሥተውታል፤ ፕሉታርክ እንደሚተርከው አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እየነቀሉ በአዲስ ሲተኩ መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ በሚል ተከራክረዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ በሥራ የተገለጠ መልስ አላት። ሕንፃው ያረጃል፣ ይፈርሳል፣ በሣር የተከደነው በቆርቆሮ ይለወጣል፣ ክብ የነበረው አራት ማዕዘን ሆኖ ይሠራል፤ ምእመኑ ግን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ አይልም። ቤቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው፤ ታቦቱን ደግሞ ጎብኚ አያየውም። በጃፓን የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት ሲሠራም ሐሳቡ የራቀ አይደለም። የድንጋዩን ዕድሜ ብቻ የእውነተኛነት መለኪያ የሚያደርገው አመለካከት ከብዙዎቹ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ናራ የወጣው የቅርስ ሰነድም የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በየባህሉ መመዘን እንዳለበት ተቀብሏል።

ይህ ማለት ግን በስፍራው ላይ የተሠራ ማንኛውም ነገር እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። በአንኮበር ኮረብታ ላይ የምኒልክን ቤተ መንግሥት አምሳያ አድርጎ የተሠራ ሎጅ አለ። አምሳያው የሚጠቅመው አምሳያ መሆኑ እስከ ታወቀ ድረስ ነው። በጦርነት የወደመችው የዋርሶ አሮጌ ከተማ እንደገና ስትሠራ ዓለም ቅርስ አድርጎ የተቀበላት ከፍርስራሽ መነሣቷ ራሱ የታሪኳ ክፍል ሆኖ በግልጽ ስለሚነገር ነው። የአንኮበሩ ሎጅ አዳራሽም ስለ ራሱ እውነቱን ከተናገረ ያለ እርሱ ለማሰብ የሚከብደውን የአዳራሽ ስፋትና የእንጨት አሠራር ያሳያል። ካልተናገረ ግን ጎብኚው አይቻለሁ ብሎ ይሄዳል፤ ያላየውን እንዳየ ማመን ደግሞ ካለማየት የባሰ ነው።

ያለፈውን የማየት ነገር ራሱ አስቸጋሪ መሆኑን ከሁሉ በላይ ያሰበበት ሰው በሜዲትራኒያን ዳርቻ በሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ነው። እርሱ እንዳስተማረው ያለፈው አሁን የለም፤ መጪውም ገና የለም። ያለው ያለፈውን በትዝታ፣ ያለውን በማስተዋል፣ መጪውን በመጠበቅ የያዘ የአሁን ልቡና ነው። ይህ እውነት ከሆነ የቆመ ዓምድና የፈረሰ አዳራሽ በአንድ ነገር እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ያለፈውን አይዙም። የሚይዘው የሚያስታውስ ሰው ነው። ዓምዱ ትዝታን ያግዛል፤ ገደሉ፣ የመንገዱ አቅጣጫ፣ የገበያው አቀማመጥና የሽማግሌ ትረካም እንዲሁ ያግዛሉ። እንዲያውም በአንኮበር መሬቱ ከማንኛውም ግንብ የተሻለ ምስክር ነው፤ ንጉሡ ለምን እዚህ እንደ ተቀመጠ ግንብ አይናገርም፣ ገደሉ ግን ያሳያል። ጠላት ከቆላ ሲወጣ ከሩቅ ይታያል፤ ነጋዴ ሳይቀረጥ አያልፍም፤ የደጋው እህልና የቆላው ጨው በግማሽ ቀን መንገድ ይገናኛሉ።

መጎብኘትን እንዲህ ከተረዳነው ከዓይን ይልቅ የማስተዋል ሥራ ነው፤ ማስተዋል ደግሞ የሚመርጠው ነገር አለውና ኃላፊነት ያስከትላል። ኮረብታውን ብቻ ያየ ሰው የነገሥታቱን አንኮበር አስታውሶ እህል የፈጩትን፣ እንጨት የተሸከሙትን፣ በአብዱል ረሱል የተሸጡትን ይረሳል። በጎንጮ ታስረው ዘመናቸውን የፈጁትን የንጉሡን ዘመዶችም ይረሳል፤ ዙፋኑ እንዳይናወጥ የነገሥታት ወንድሞች የሚጋዙት እዚያ ነበር። ታሪክ ካለፈ በኋላ የቀሩትን ነዋሪዎችም የታሪክ ትራፊ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ ዛሬም በዚያው ቁልቁለት ላይ ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ፣ ይገበያያሉ፤ ንጉሡን ወደ ተረተሩ የሳበው የደጋና የቆላ ግንኙነት ንጉሡ ከሄደም በኋላ አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተዋወቀችው፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘውና የአንኮበርን ስም የያዘችው ትንሽ ወፍም በዚሁ ገደል ትኖራለች።

የአንኮበርን ጉብኝት የሚያዘጋጁ ሁሉ ይህን ሊያስቡበት ይገባል። አብዛኛው እንግዳ ኮረብታውን ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በዚያው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳል። የሲራራው መንገድ ወደ አልዩ አምባ የሚወርድበት አቅጣጫ ይጠቆም፤ የባሪያ ገበያው የነበረበት ስፍራ በጽሑፍ ይታወቅ፤ አምሳያው አምሳያ ተብሎ ይጻፍበት፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች ትረካ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ይቀረጽ። ለዚህ አዲስ ግንብ መሥራት አያስፈልግም፤ ገደሉና መንገዱ አሁንም በቦታቸው አሉ።