ስለ አረጋውያን የዘወትር ልብስ

ምክር ከሽማግሌ ወደ ወጣት መውረዱ ከጥንት የቆየ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ለአረጋውያን፣ ያውም ስለ አለባበሳቸው፣ ምክር ለመስጠት ብዕር የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ይገባዋል፤ እኔም ጠጕሬ ከሸበተ ዘመን የሆነኝ በመሆኔ፣ የምናገረው ሁሉ ለእኩዮቼና ለራሴ እንደ ተነገረ ተቈጥሮ በትዕግሥት እንዲነበብልኝ እለምናለሁ። የምናገረውም ስለ ጌጥና ስለ ውድ ልብስ አይደለም፤ ሥራውን አስረክቦ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ፣ የዕረፍት ዘመኑን የጀመረ ሰው ጧት ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ማታ እስኪተኛ ድረስ በገላው ላይ ስለሚውለው ተራ ልብስ ነው።

በአገራችን የክት ልብስና የዘወትር ልብስ የተለያየ ዕድል አላቸው። የክቱ በሣጥን ታጥፎ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሱቅ እንደ መጣ በላስቲኩ ተሸፍኖ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ለጥምቀትና ለልጅ ሠርግ ይጠበቃል፤ የዘወትሩ ግን ማንም አስቦ የማይገዛው፣ ሌላው ልብስ ሁሉ ሲያረጅ የሚወርድበት ማዕረግ ሆኖ ይቀራል። ‹‹ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ›› የሚለው የአበው ብሂል የበዓልን ክብር ለመግለጽ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥምቀት በዓመት አንድ ጊዜ ጥር 11 ቀን ይውላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይውልም፤ ሰውም ከጎረቤቱ፣ ከልጅ ልጆቹና ከመንገደኛው ጋር የሚገናኘው በቀሩት ቀኖች ነው። አንድ አባት ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ሣጥኑን ከፍተው፣ እርሳቸው በዘመናቸው ምናልባት ሁለት ጊዜ ብቻ የለበሱትን ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ በእጃቸው ይዘው፣ ለማን እንደሚሰጡት ሲመካከሩ አይቻለሁ፤ እኚያ አባት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ክርናቸው በተቀደደ ሹራብ ሲመላለሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸው ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው በሕግ ጡረታ ይወጣል። እስከዚያች ቀን ድረስ ሸሚዙን ተኵሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከረባቱን አስሮ ከቤቱ ይወጣ የነበረው ሰው፣ የሚጠብቀው ቢሮና የሚፈርምበት መዝገብ ሲቀርበት፣ አለባበስም አብሮ የቀረለት ይመስለዋል። መጀመሪያ ከረባቱ ይቀራል፤ ይህስ ምንም አይደለም፤ ቀጥሎ ኮቱ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የልጅ ልጁ ለስፖርት ለብሶ የጣለው ቱታ፣ አንገቱ የሰፋ ካናቴራ፣ ያለ ካልሲ የሚጠለቅ ነጠላ ጫማ ይተካል፤ ከዋሺንግተን ወይም ከጂዳ ዘመድ የላከው፣ ምን እንደሚል ያልተነበበ የባዕድ ጽሕፈት በደረቱ ላይ የተንጣለለበት ሹራብ ይደረብበታል፤ ዓመት ሳይሞላም ወደ ዳቦ ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤትና ወደ ዕድር ስብሰባ የሚሄደው ሁሉ በዚሁ ይሆናል።

ነገር ግን ሽማግሌ በእኛ ዘንድ ሥራ የሌለው ሰው አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በውርስ ሲከራከር፣ ልጅ ለመጠየቅ ሰው ሲፈለግ፣ በሩ ተንኳኵቶ ‹‹አባባ፣ እባክዎ ይድረሱልን›› የሚባለው ባልታሰበ የዘወትር ቀን ነው። የሚያስታርቅ ሰው ቃሉ ከመሰማቱ በፊት መልኩ ይታያል፤ የተቈጡትም ሰዎች ለቃሉ ጆሯቸውን የሚሰጡት፣ ራሱን የሚያከብር ሰው ከፊታቸው እንደ ተቀመጠ ዐይናቸው ሲመሰክርላቸው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የቆመ ወጣት ጥበቃ የመጡትን አረጋዊ ሽበት ሳይሆን የደከመ ቱታቸውን ተመልክቶ ‹‹አንተ፣ ወዲያ ቁም›› ሲላቸው ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። ልብስን አይቶ ሰውን ማቃለል የዚያ ወጣት ነውር ነው፤ ተግሣጽም ይገባዋል፤ ሆኖም እርስዎ መባል የሚገባው ሰው ለእንዲህ ያለው ድፍረት በር የሚከፍትበት ምክንያት አይታየኝም።

አንዳንድ ደጋግ ሰዎች ይህን ስናገር ‹‹ከንቱ ውዳሴ ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ስለ ነፍሱ እንጂ ስለ ሥጋው ጌጥ አያስብም›› ይሉኛል። እኔ ግን ትሕትናና ሀኬት በሩቅ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ተለይተው ሊታወቁ ይገባል እላለሁ። ዓለምን የናቀ ባሕታዊ ደበሎ ለብሶ ቢታይ፣ ልብሱ የምናኔው ምስክር ነው፤ በትዳሩና በቤቱ እየኖረ፣ በማኅበሩ ጽዋ እየጠጣ፣ በዕድሩ እየዳኘ ያለ ሰው ግን ቆሻሻና ቡትቶ ቢለብስ የሚመሰክርበት ምናኔ የለውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ሳሉ እንደ ተራ ወታደር ቀለል ያለ ልብስ ይለብሱ እንደ ነበር በዘመናቸው ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል፤ ልብስ ተራ መሆኑ ክብርን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው መጎሳቈሉ ነው። ደግሞም ያው አረጋዊ እሑድ ጧት ወደ ቅዳሴ ሲሄድ ኩታውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ጥለቱን አስተካክሎ በፈጣሪው ፊት ይቆማል፤ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ጎረቤቱን ሰኞና ማክሰኞ ሲያገኘው ከዚያ ሥርዓት ጥቂቱን ቢያስታውስ መንፈሳዊነቱ አይጐድልበትም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ዕድሜ ልክ ሸሚዙን ያጠበች፣ የወለቀ ቁልፉን የተከለች፣ ከቤት ሲወጣ በር ላይ አቁማ ኮሌታውን ያቃናች ሴት ካለፈች በኋላ፣ እርሱ የኀዘኑን ጥቁር ልብስ ሳያወልቅ፣ ጢሙንም ሳይላጭ፣ ወራቱ ዓመታት ይሆኑበታል፤ ዘመዶቹም ‹‹አዝኖ ነው›› እያሉ ይተዉታል። ንጉሥ ዳዊት ሕፃኑ መሞቱን በተረዳ ጊዜ ከወደቀበት ምድር ተነሥቶ፣ ታጥቦና ተቀብቶ፣ ልብሱንም ለውጦ ወደ እግዚአብሔር ቤት መግባቱ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተተረከው፣ ኀዘን ሥርዓትና ወሰን ሊኖረው እንደሚገባ እንድንማርበት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወንድም ያላችሁ ሁሉ፣ ልብስ ገዝታችሁ በመስጠት ብቻ አትመለሱ፤ አብራችሁት ተቀመጡ፤ የካውያውን ሙቀት፣ የመርፌውን አያያዝ አሳዩት። ወንድ ልጅ በ70 ዓመቱ ቁልፍ መትከል ቢማር የሚያሳፍረው አንዳች ነገር የለም፤ የገዛ ሸሚዙን ተኵሶ የለበሰ ሰው ቀኑን የሚጀምረው አንድ ሥራ ፈጽሞ ስለ ሆነ፣ ባዶው ቤት በመጠኑም ቢሆን ይቀልለዋል።

ወደ ግብሩ ስንመጣ፣ ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ማስተካከል ነው። ሰውነት በእርጅና ይለወጣል፤ ትከሻ ይወርዳል፣ ጀርባ ይጐብጣል፣ አንገት ይቀጥናል፣ ሆድ ይገፋል፤ በ45 ዓመት የተሰፋ ኮት በ70 ዓመት የሌላ ሰው ልብስ የሚመስለው ጨርቁ ስላረጀ ሳይሆን ባለቤቱ ስለ ተለወጠ ነው። አንድ ወዳጄ ሊጥለው ያሰበውን የሱፍ ኮት ወደ አንድ አሮጌ ልብስ ሰፊ ይዘን በሄድን ጊዜ፣ ሰፊው በመጀመሪያ ያለው ‹‹ደረትዎን አይንፉ፤ ቤትዎ እንደሚቆሙት ሆነው ይቁሙልኝ›› ነበር። ወዳጄ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ሲቆም፣ ኮቱ ከኋላ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ከፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ኮሌታው ከአንገቱ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ታየ። ሰፊው የግራው ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ማለቱን በመዳፉ ዳስሶ ካረጋገጠ በኋላ፣ በጠመኔ አሰመረ፣ በስፒል ያዘ፤ የኮሌታውን ስፌት ፈትቶ ዝቅ አደረገ፤ ከኋላ በኩል ከታች ታጥፎ የነበረውን ትርፍ ጨርቅ ለቀቀው፤ በግራው ትከሻ ከገበሩ ሥር ስስ ጥጥ ጨመረ። ኮቱ ሲመለስ የወዳጄ ጀርባ አልተቃናም፤ ነገር ግን ሲለብሰው መጕበጡ ለዐይን እንደ ቀድሞው አልጐላም፤ የተከፈለውም ዋጋ ከአዲስ ኮት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

እንዲህ ያለ ባለሙያ በየሰፈሩ አለ፤ ፈልጋችሁ ወዳጅ አድርጉት። የኮት ትከሻ ከራሳችሁ ትከሻ ጫፍ አይለፍ፤ እጅጌው የእጅ አንጓ ላይ ይቁም፤ የሸሚዝ ኮሌታ ተቈልፎ አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። የሱሪው ጫፍ ጫማውን ነክቶ ይቅር እንጂ መሬት አይጥረግ፤ ይህ የውበት ብቻ ሳይሆን የጤና ነገር ነው፤ በደረጃ ላይ ጠልፎ የሚጥል ሱሪ በእርጅና ወራት ስብራትን፣ ስብራትም ረጅም የአልጋ ቁራኛነትን ሊያመጣ ይችላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች፣ ጧትና ማታዋ ለሽማግሌ አጥንት አይራሩም፤ ቀትሯ ግን ይሞቃል። ለእንዲህ ያለው አየር አንድ ወፍራም ጃኬት ከመልበስ ይልቅ መደራረብ ይሻላል፤ ከሥር የጥጥ ሸሚዝ፣ በላዩ ከፊት የሚቈለፍ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ከሱሪው ጋር አንድ ዐይነት መሆን የማያስፈልገው ቀለል ያለ ኮት ቢሆን፣ ፀሐይ ሲበረታ አንዱን አውልቆ በክንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። ከፊት የሚቈለፈውን ሹራብ የመረጥሁት፣ ትከሻውን የሚያመው ሰው በራስ የሚጠለቀውን ሲለብስ ምን ያህል እንደሚቸገር ስለማውቅ ነው። ጥጥና ሱፍ ላብ ይመጣሉ፤ ፖሊስተር ግን ሽታ ይይዛል፣ ሲተኰስም ያብረቀርቃል። ስለ ቀለም ብዙ አልናገርም፤ ግራጫ፣ ቡኒና ጥቁር ሰማያዊ እርስ በርሳቸው ስለማይጣሉ፣ ጥቂት ልብስ ያለው ሰው በእነዚህ ቢወሰን ለብዙ ቀን ይበቁታል።

በጫማ ላይ አትቈጥቡ። እግር በዕድሜ ይሰፋል፣ ይረዝማልም፤ በወጣትነት ቍጥሬ ብሎ የሚገዛ ሽማግሌ በሥቃይ ይሄዳል፤ ስለዚህ እግር ከውሎ በኋላ አበጥ ሲል፣ ወደ ማታ፣ ለክቶ መግዛት ይሻላል። ሶሉ የማያዳልጥ ጎማ ይሁን። ሁለት ጥንድ ያለው ሰው አንዱን ሲጫማ ሌላው አየር አግኝቶ ይደርቃል፤ በክረምት ዝናብ የራሰ ቆዳ ከሰል አጠገብ ከተቀመጠ ይሰነጣጠቃልና ጋዜጣ ጠቅጥቆ በጥላ ማድረቅ ነው።

ስለ ጋቢ ልዩ ፍቅር ስላለኝ ሳልናገር አላልፍም። አራት ፈርጅ ሆኖ በሸማኔ እጅ የተሠራ ጋቢ ለሽማግሌ ከየትኛውም የውጭ ብርድ ልብስ ይልቅ ይመቻል፤ ይሞቃል፣ ይከብራል፤ ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ሸማ ተራ የሄደ ሰው ደግና ተራውን በእጁ ዳስሶ መምረጥ ይችላል። የሚያሳዝነው፣ ይህ ክቡር ልብስ ሌሊት አልጋ ላይ አድሮ፣ ጧት እንደ ተጨማደደ ትከሻ ላይ ተጥሎ ወደ ጎዳና መውጣቱ ነው። የመኝታው ጋቢና የመውጫው ጋቢ ይለዩ፤ የመውጫው በየጊዜው ታጥቦ ይንጣ፤ ጫፉም እግር ሥር አይጐተት። ንጹሕ ጋቢ በተተኰሰ ሸሚዝና በኮት ላይ የደረበ አረጋዊ በማናቸውም ጉባኤ ፊት መቆም ይችላል።

ጡረታው አይበቃም ለሚለኝ ሰው ችግሩን እጋራዋለሁ፤ ግን ከዘረዘርሁት አብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን ትጋት የሚጠይቅ ነው። ኮት በየጊዜው አይታጠብም፤ ሲያወልቁት በሰፊ መስቀያ ላይ ሰቅለው፣ አቧራውን በብሩሽ አንሥተው፣ በመስኮት አጠገብ አየር ቢያስገኙለት ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሲተኰስም እርጥብ ጨርቅ ከላዩ ይደረግ። ይልቁንም የክት ብላችሁ የዘጋችሁበትን ልብስ አውጥታችሁ ልበሱ፤ በጨለማ ተከማችቶ የሚቀመጥ ሱፍ የብል ሲሳይ ነው። ጠባቡን ለሰፊ ስጡ፤ የማትለብሱትንም በሕይወት ሳላችሁ፣ በገዛ እጃችሁ፣ ለታረዘው አልብሱት።

እናንተም በአገር ውስጥና በውጭ የምትኖሩ ልጆች፣ ለአባቶቻችሁ የምታስቡትን ፍቅር አውቃለሁ፤ ነገር ግን በቅናሽ ያገኛችሁትን፣ እናንተ የሰለቻችሁትን፣ ጽሕፈት የሞላበትን ሹራብና ለሯጭ የተሠራውን ጫማ በሻንጣ ሞልታችሁ አትላኩላቸው። ከዚያ ሁሉ አንድ ደኅና የሱፍ ሹራብ ይበልጣል። ከመግዛታችሁም በፊት ስልክ ደውላችሁ የትከሻቸውንና የእግራቸውን ልክ፣ የሚወዱትንም ቀለም ከራሳቸው አንደበት ጠይቁ።