«ቤቱ የኔ ነው» ማለት እስከ የት ያደርሳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጊቢዬ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር አባወራ «ከመጪው ወር ጀምሮ ሁለት ሺህ ብር ትጨምራለህ፤ ካልሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» አልኩት። አልተከራከረም፤ «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። በወሩ መጨረሻ ልጆቹን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ያኔ ሕሊናዬ አልቆረቆረኝም፤ የሰፈሩ ዋጋ ያ ነበርና።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ከተቆጡት አከራዮች አንዱ ነበርኩ። አዋጁ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ ይሁን ይላል። «በገዛ ንብረቴ መንግሥት ምን አገባው?» አልኩ። ማስረጃም አላጣሁም። በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰሓባዎች ተመን እንዲወጣ ቢጠይቁ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በማንም ላይ በደል ሳይኖርባቸው ጌታቸውን መገናኘት እንደሚሹ ገልጸው እንዳልተቀበሉት በሐዲስ ተዘግቧል።

ይሁን እንጂ ኢብን ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት ሥራ ነገሩን ለይተውታል። ዋጋው ያለማንም በደል፣ ዕቃው በማነሱ ወይም ፈላጊው በመብዛቱ ከተወደደ ተመን መጣል ግፍ ነው፤ ሰው የግድ የሚሻውን የያዘ ወገን በችግረኛው ላይ ሲጫን ግን ተመን ፍትሕ ይሆናል።

«ኪራይ የናረው ቤት ስላነሰ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ አዋጅ ብቻውን ጡብ አይደረድርም። በአንዲት ክፍል ኪራይ የምትኖር ባልቴትም ሐቅ አላት። የኔ ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ያ ሰው «እሺ» ሲል ወዶ ነበርን? ግብይት በመዋደድ እንዲሆን ታዘናል። ስኳር ቢወደድ ሰው ሻዩን መራራ ይጠጣል፤ ቤት ያጣ ግን ልጆቹን ይዞ የት ያድራል? እምቢ ማለት ከማይችል ሰው የተገኘ «እሺ» ስምምነት ነው ለማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ ከአዋጁ አብልጬ የምወድለት ለተከራይ የሚሰጠውን ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ልጅን በአንድ ትምህርት ቤት ያቆያል። ይሁንና በውሉ ላይ አንድ ዋጋ አስፍሮ በእጁ ሌላ የሚቀበል አከራይ ከተቆጣጣሪ ያመልጥ ይሆናል፤ ከአላህ (ሱ.ወ.) ግን ወዴት ያመልጣል?

እኔም ያንን ሰው አግኝቼ አውፍ እንዲለኝ እፈልጋለሁ። የገባበትን ሰፈር የሚያውቅ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ወላሁ አዕለም።