ተቀምጦ የተሰገደ ሶላት ጎደሎ ነውን?

 

የዛሬው ማስታወሻችን ብዙ ስለማይወራለት ፈተና ነው፤ ከካንሰር ሕክምና በኋላ ስለሚመጣ ማዞር።

ኪሞው አልቋል፤ ጨረሩም አብቅቷል። ቤተሰብ «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን» ብሏል። ፀጉር ማደግ፣ ፊትም መመለስ ጀምሯል። ነገር ግን ከአልጋ ሲነሱ ግድግዳው ይሽከረከራል፤ ከሱጁድ ቀና ሲሉ ዓይን ይጨልማል፤ ለሁለተኛው ረከዓ ሲቆሙ ጉልበት ይከዳል። ይህን ከውጭ የሚያይ ሰው የለም። ታማሚውም ለማንም ሳይናገር ራሱን ይጠይቃል፦ «አሁን እኮ ድኛለሁ። ተቀምጬ መስገዴ ስንፍና ቢሆንስ? አላህ ሕይወቴን መልሶልኝ፣ እኔ ቆሜ ላመሰግነው እንኳ ያቅተኛል?»

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጌታውን የሚፈራ ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው በችኮላ ሳይሆን በደንብ ሊመለስለት ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ማዞሩ እውነት ነው። ለማኅፀን በር ካንሰርና ለሌሎችም የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለ መድኃኒት የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ የሰውነታችን ሚዛን የሚጠበቀው ደግሞ እዚያው ጆሮ ውስጥ ነው። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ፓክሊታክሰል የእግርን ነርቭ ሊያደነዝዝ ስለሚችል፣ የረገጡት ወለል በትክክል አይታወቅም። ደም ማነስ፣ ከማስመለስና ከተቅማጥ የሚመጣ የፈሳሽ እጥረት፣ ሲቆሙ የደም ግፊት በድንገት መውረድ ይጨመርበታል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ይህ ለሳምንታትና ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የኢማን ድክመት አይደለም።

ታዲያ ሸሪዓው ምን ይላል? ኢምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) የሚባሉት ሶሓባ ታመው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሶላት ጠየቁ። መልሱ ቡኻሪ ዘንድ ይገኛል፤ ፍሬ ነገሩም ቆሞ መስገድ፣ ካልተቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልተቻለ በጎን ተኝቶ ነው። ሶላቱ ራሱ ግን አልተነሳም። ኢማም አን-ነወዊ ደግሞ «አል-መጅሙዕ» በተሰኘው ኪታባቸው፣ አለመቻል ማለት ጨርሶ መቆም ማቃት ብቻ እንዳልሆነ ያብራራሉ። ከባድ ችግርን ወይም የበሽታን መባባስ የሚፈራ ሰው ተቀምጦ ይሰግዳል፤ ሶላቱንም መድገም የለበትም። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ በመርከብ ላይ ሆኖ ራሱ እንዳይዞርበት የሚፈራ ተጓዥ ነው። የእናንተ ጥያቄ ከ700 ዓመታት በፊት በስሙ ተጠርቶ ተመልሷል ማለት ነው።

«ተቀምጦ የሰገደ ግማሽ አጅር ነው ያለው» የሚል ሐዲስ ሰምተን የምንጨነቅም አለን። ይህንንም ያስተላለፉት እነዚሁ ኢምራን ናቸው። ዑለማዎች እንዳስረዱት ይህ መቆም እየቻለ ሱና ሶላትን ተቀምጦ ለሚሰግድ ሰው ነው፤ ሕመም ያስቀመጠው ሰው አጅሩ አይጎድልበትም። እንዲያውም በሌላ የቡኻሪ ዘገባ፣ አንድ ባሪያ ሲታመም ወይም መንገድ ሲወጣ፣ ጤነኛና ነዋሪ ሳለ ይሠራው የነበረው ሁሉ እንደሚጻፍለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ስለዚህ ጤነኛ የሆንን ሰዎች ዛሬ የምንሠራው ነገ አቅም ስናጣ የሚጻፍልን ነውና እናስብበት።

አሁን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጨረሻ ሕመም እንሂድ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳወሩት፣ ሰዎች ሰግደው እንደሆነ ጠየቁ፤ እየጠበቋቸው መሆኑ ተነገራቸው። ውሃ አስቀርበው ታጠቡ፤ ሊነሱ ሲሉ ራሳቸውን ሳቱ። ሲነቁ እንደገና ጠየቁ፣ እንደገና ታጠቡ፣ እንደገና ራሳቸውን ሳቱ። ይህ ተደጋገመ። ከዚያ አቡ በክር (ረ.ዐ) እንዲያሰግዱ ላኩ። በኋላ ሲቀላቸው በሁለት ሰዎች ተደግፈው ወጡ፤ ከአቡ በክር ጎን እንዲያስቀምጧቸውም አዘው ተቀምጠው ሰገዱ።

እስቲ አስተውሉ። ከፍጡር ሁሉ ለሶላት የበለጠ ፍቅር የነበራቸው ሰው ቦታቸውን ለሌላ ሰጡ፤ የሰው ትከሻ ተደገፉ፤ ሰው ሁሉ እያየ ተቀመጡ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ክብራቸው አልቀነሰም። እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን መስገድ ሲያሳፍረን፣ የምናፍረው ከአላህ ነው ወይስ ከሰው ዓይን? ወይስ ትናንት ጠንካራ ከነበረው እኛነታችን? ይህን ጥያቄ እያንዳንዳችን ለብቻችን ሆነን እንመልሰው። መቆም የምንወደው አላህ ስላዘዘን ከሆነ፣ ተቀመጡ ያለንም እሱ ነው። ሩኽሳውን የሰጠን ጌታ ግዴታውን የሰጠን ጌታ ነው።

ይህ ማለት ግን በፈርድ ሶላት መቆም ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። መቆም ለሚችል ሰው ሩክን ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ለራስ እውነቱን መናገር ነው። የቻላችሁትን ያህል ቁሙ፤ ሲያዞራችሁ በመካከል ተቀመጡ፤ ሲሻላችሁ ተነሱ። ማጎንበሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ በጭንቅላታችሁ አመልክቱ፤ ለሱጁድ ከሩኩዕ ትንሽ ዝቅ በሉ። ዛሬ የተፈቀደላችሁ ነገ ስትበረቱ ላይፈቀድ ይችላል፤ በየቀኑ ራሳችሁን ፈትሹ።

ሰውነታችሁም አማናችሁ ነው። ለሱብሒ ስትነሱ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ሰውነት ውሃ ሳይጠጣ አድሯል፣ ቤቱ ጨለማ ነው፣ የመታጠቢያው ወለል እርጥብ ነው። መጀመሪያ መብራት አብሩ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁጭ በሉ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ዉዱእ ተቀምጣችሁ አድርጉ፤ በሩን ከውስጥ አትቆልፉ። ሐኪም ካልከለከላችሁ ውሃ ደጋግማችሁ ጠጡ። ማዞሩን ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ደም ማነስም የመድኃኒት መጠንም ቢሆን ሊታከም የሚችል ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ራስ መሳት፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም የአንደበት መተሳሰር ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ረመዷንም ሲመጣ ስለ ጾሙ ሐኪምንም ዓሊምንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጤነኛ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ቃል። አቡ ዳዉድ በዘገቡት ታሪክ፣ በመንገድ ላይ ራሱን በድንጋይ የተፈነከተ ሰው ገላውን መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ተየሙም ይበቃው እንደሆነ ባልደረቦቹን ጠየቀ፤ ውሃ እያለ አይቻልም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ተቆጡ፤ ገዳዮቹ እነሱ እንደሆኑ፣ ሳያውቁም መጠየቅ እንደነበረባቸው ተናገሩ። «በርቺ እንጂ፣ ቆመሽ ስገጂ» ከማለታችን በፊት ይህን ታሪክ እናስታውስ። ወንበሩን ሳትጠይቅ ከግድግዳው አጠገብ አድርጉላት። መስጂድ ውስጥ ወጣት ወንበር ላይ ተቀምጦ ስታዩ ምክንያቱን አትጠይቁት፤ ዱዓ አድርጉለት።

አላህ ሆይ! በሕክምና ላይ ያሉትንም፣ ጨርሰው በማገገም ላይ ያሉትንም ሕሙማኖቻችንን አሽርልን። ሲያዞራቸው ደጋፊ አታሳጣቸው። ቆመውም፣ ተቀምጠውም፣ ተኝተውም የሰገዱትን ተቀበላቸው። አሚን።

ይህ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱለት።